በስድስት ወር ሦስት ንጉሥ

በግንቦት 1761 ዓ.ም. ከጎንደር የተላኩ ሰዎች በለሳ ውስጥ ወዳለው ወህኒ አምባ ወጡ። አምባው ዙሪያውን ገደል ነው። ከዐፄ ፋሲል ዘመን ጀምሮ የነገሥታቱ ወንዶች ልጆች ዙፋን እንዳይሻሙ ተብሎ እዚያ ይጠበቁ ነበር፤ ዛሬም እስር ቤትን «ወህኒ» የምንለው ከዚሁ አምባ ስም ተነሥተን ነው። መልእክተኞቹ ይዘው የወረዱት ዕድሜያቸው ከ70 ያለፈ ሽማግሌ ነበር። አንድ እጅ የላቸውም። በወንድማቸው በዐፄ በካፋ ዘመን ከአምባው አምልጠው ተይዘው ነበርና ያን ጊዜ ተቆርጧል። አካሉ የጎደለ ሰው አይነግሥም የሚል የቆየ ልማድ ስለነበር፣ እጅ መቁረጡ ራሱ ከዙፋን የማራቂያ መንገድ ነበር።

ሽማግሌው ጎንደር ገብተው ዐፄ ዮሐንስ ተባሉ፤ በታሪክ ዳግማዊ ዮሐንስ የሚባሉት ናቸው። የእጃቸውን ነገር ያነሣ ሰው ሲገኝ ያስመጧቸው የትግራዩ ራስ ሚካኤል ስሁል ሳቁበት ይባላል፤ ንጉሥ በቅሎውን ራሱ አይጭን፣ ጓዙን ራሱ አያስር፣ እጅ ምን ያደርግለታል ብለው። ይህን የጻፈው ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ ነው። ብሩስ ጎንደር የገባው በየካቲት 1762 ዓ.ም.፣ ነገሩ ካለፈ ከወራት በኋላ ነው። ግን የራስ ሚካኤልንም የእቴጌ ምንትዋብንም ደጅ ይረግጥ ስለነበር ከሁለቱም ወገን ሰምቷል። ሳቁ እንደተጻፈው ይሁን አይሁን፣ የዚያን ዓመት ጠባይ ግን ይገልጻል። ንጉሡ የሚፈለጉት ለስማቸው ነበር። እጁ የሌላ ሰው ነው።

ከሽማግሌው በፊት የነበሩት ዐፄ ኢዮአስ በሕፃንነታቸው፣ በ1747 ዓ.ም. የነገሡ ናቸው። አያታቸው እቴጌ ምንትዋብ የቋራ ሰው ናቸው፤ ባላቸው ዐፄ በካፋ ሲሞቱ ለልጃቸው ለዳግማዊ ኢያሱ፣ ልጃቸው ሲሞቱ ደግሞ ለልጅ ልጃቸው እንደራሴ ሆነው አገር አስተዳድረዋል። የኢዮአስ እናት ውቢት የኦሮሞ ባላባት ልጅ ነበሩ። ልጃቸው ሲነግሡ የእናት ወገን ወንድሞች ሉቦና ብሩሌ ከነሠራዊታቸው ጎንደር ገቡ፣ በግቢውም ኦሮምኛ ይሰማ ጀመር። የቋራ ዘመዶች በአያት በኩል፣ የኦሮሞ ዘመዶች በእናት በኩል ሹመቱን ይናጠቁት ያዙ። በሁለቱ ወገኖች መካከል ሚዛን እንዲያስጠብቁ ከትግራይ የተጠሩት ራስ ሚካኤል ስሁል ናቸው፤ በምጽዋ በኩል የሚገባውን ጠመንጃ የያዙ፣ በጊዜው አቻ ያልነበረው ጦር ያላቸው አዛውንት።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ይህን ታሪክ የዛሬ ሰው ሲያነብ እጁ ወደ ብሔር ስም ይሮጣል፤ ትግሬው፣ ቋረኛው፣ ኦሮሞው እያለ ጎራ ይለያል። ነገሩ ግን እንዲያ አይቆረጥም። የራስ ሚካኤል ልጅ ወልደ ሐዋርያት የምንትዋብን ልጅ አልጣሽን አግብቶ ነበር። ኢዮአስ በአንድ ሥጋ የቋራም የኦሮሞም ልጅ ናቸው። የበጌምድሩ ማርያም ባርያ የምንትዋብ ሌላዋ ልጅ የአስቴር ባል ነበሩ። እርስ በርስ የተላለቁት አማቾች፣ የእንጀራ ዘመዶች፣ በአንድ ገበታ የበሉ ሰዎች ናቸው።

ደሙ የተነሣውም ከበጌምድር ሹመት ነው። ኢዮአስ ግዛቱን ለአጎታቸው ለብሩሌ ሰጡ፤ ማርያም ባርያ እምቢ ብለው ተዋጉ፣ ብሩሌም ሞተ። ንጉሡ አጎታቸውን ሊበቀሉ ራስ ሚካኤልን ይዘው ዘመቱና ማርያም ባርያ ነፋስ መውጫ ላይ ድል ሆኑ። ሸሽተው ወሎ ቢገቡም ተይዘው ለሉቦ ተሰጡ፤ ሉቦም በወንድሙ ደም ገደላቸው። መበለቲቱ ወይዘሮ አስቴር ኋላ ራስ ሚካኤልን አገቡ።

ከዚህ በኋላ ንጉሡ የጠሩትን ሰው ፈሩት። ሥራህ አልቋልና ወደ ትግራይ ተመለስ የሚል ትእዛዝ ሄደ፤ ራስ ሚካኤል አልሄዱም። ንጉሡ በስውር የዳሞቱን ገዥ ፋሲልን አበረታቱ። ጦሩ አዘዞ ላይ ተጋጠመ፤ ዛሬ ከአዲስ አበባ የሚመጣ መንገደኛ ከአውሮፕላን የሚወርድበት ያው አዘዞ። ፋሲል ተሸነፈ። በውጊያው መካከል ጥይት ከንጉሡ ሰዎች ወደ ራስ ሚካኤል ወገን መተኮሱ ታወቀ። ጥቂት ቀን ሳይቆይ ዐፄ ኢዮአስ በሻሽ ታንቀው ሞቱ።

ጎንደር ከዚያ በፊት ንጉሥ ሲገደል አላየችም ማለት አይደለም። ታላቁ ኢያሱ በ1699 ዓ.ም. በልጃቸው ዘመን ተገድለዋል፤ ልጃቸው ተክለ ሃይማኖትም ሁለት ዓመት ሳይሞላ ተወግተው ሞቱ። ያ ግን በአንድ ቤት ውስጥ ያለ የሥልጣን ደም ነበር። ራስ ሚካኤል ከሰሎሞን ዘር ስላይደሉ ዘውዱን መድፋት አይችሉም። ስለዚህ ወህኒ ልከው ሌላ አስመጡ። አዲሱ ነገር ይህ ነው፤ ንጉሥ ገድሎ ንጉሥ ሳይሆኑ ንጉሥ ማድረግ።

ሽማግሌው ዮሐንስ ግን እንደታሰበው አልሆኑም። ዕድሜያቸውን በአምባ ላይ በጸሎት የገፉ ሰው ናቸው። በፋሲል ላይ ዝመቱ ሲባሉ አልዘምትም አሉ። የራስ ሚካኤልን የልጅ ልጅ ቢያጋቧቸው ፊት ነሷት። አምስት ወር ያህል ብቻ ነግሠው በጥቅምት 1762 ዓ.ም. በቁርስ መርዝ ተሰጥቷቸው ሞቱ። ለዚህ ሰው የሚያዝን ጸሐፊ ብዙ አላጋጠመኝም፤ በመጽሐፍ ሁሉ በአንድ መስመር ይታለፋሉ። ኖረው የማያውቁትን ዓለም ለማየት ከአምባ ወርደው፣ ሕይወታቸውን የከፈሉት «አይሆንም» በሚል አንድ ቃል ነው። በዚያ ዓመት ጎንደር ግቢ ውስጥ ይህን ቃል በግልጽ የተናገረ ሌላ ሰው ማን ነበር?

የዮሐንስ ልጅ ዳግማዊ ተክለ ሃይማኖት 15 ዓመት ገደማ ነበሩ፤ በዚያው ጥቅምት ነገሡ። ዝመት ሲባሉ ዘመቱ። በኛ አቆጣጠር ዘመኑ በመስከረም ስለተለወጠ ነገሩ በሁለት ዓመት ተከፍሏል፤ በፈረንጅ ግን ሦስቱም ንጉሥ በ1769 ውስጥ ይወድቃሉ።

ሌላውም ዓለም እንዲህ ያለ ዓመት ያውቃል። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በስደት ለንደን በገቡበት በ1936 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ሦስት ንጉሥ አይታለች፤ ጆርጅ 5ኛ ሞቱ፣ ኤድዋርድ 8ኛ ዙፋኑን ተዉ፣ ጆርጅ 6ኛ ተተኩ። ፓርላማውም ሠራዊቱም ቦታው ላይ ስለነበር ደም አልፈሰሰም። በ69 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ የሆነው ግን ከጎንደሩ ጋር ይቀራረባል። ጋልባ፣ ኦቶ፣ ቪቴሊየስና ቬስፓሲያን በአንድ ዓመት ውስጥ ተፈራረቁ፤ ታሪክ ጸሐፊው ታሲተስም ንጉሠ ነገሥት ከሮም ውጭ ሊሠራ መቻሉ መገለጡን ጽፏል። እኛም ዘንድ በቅርብ ዘመን ተመሳሳይ ዓመት አልፏል። በየካቲት 1966 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ለቀቁ፣ እንዳልካቸው መኮንን ተተክተው በሐምሌ ወረዱ፣ ሚካኤል እምሩ መጡ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ተሻሩ፣ በኅዳር የደርጉ ሊቀ መንበር የነበሩት ጄኔራል አማን አንዶም ተገደሉ። ዘጠኝ ወር ነው። የዚያ ዘመን ሰው ሬዲዮ አጠገብ ተቀምጦ ነበር የሚያመሸው።

የጎንደር ሕዝብ ዜናውን የሚሰማው በነጋሪት ነው፤ ከነጋሪቱ በኋላ ደግሞ በሠራዊት። የገባ ጦር ሁሉ ከባላገሩ ጎተራ ይበላል። ራስ ሚካኤል ወደ ትግራይ ካፈገፈጉ በኋላ በነሐሴ 1762 ዓ.ም. ባላጋራዎቻቸው ሱስንዮስ የሚባል ንጉሥ አስቀመጡ፤ አራት ወር ብቻ ቆየ። ራስ ሚካኤል በታኅሣሥ ሲመለሱ ከተማዋ ቂማቸውን ከፈለች። ዐቃቤ ሰዓቱ አባ ሰላማ ተሰቀሉ። ራስ ሚካኤል ሲሸሹ በግጥም የዘለፏቸው ሠላሳ ያህል አዝማሪዎች በፈረሰኛ ተቆራረጡ። ሬሳ አይነሣ ተብሎ በየመንገዱ ስለተጣለ ጅብ ማታ ማታ ከተማ ይገባ እንደነበር ብሩስ ዓይኑ ያየውን ጽፏል። አርባ አራቱ ታቦት ባሉባት ከተማ ለሞተ ሰው ፍትሐት የሚያደርስለት ጠፋ።

ራስ ሚካኤል በግንቦት 1763 ዓ.ም. ሰርባኩሳ ላይ በባላጋራዎቻቸው በጎሹና በወንድ በወሰን ተሸነፉ፤ ትንሽ ቆይተውም እጃቸውን ሰጡ። መንገዱ ግን ተከፍቷል። ራስ ሚካኤል የሠሩትን ሌላውም ራስ ሠራው፣ የየጁ ራሶችም ለትውልድ ያዙት። ቀዳማዊ ተክለ ጊዮርጊስ ከ1771 እስከ 1792 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ስድስት ጊዜ ነግሠው ስድስት ጊዜ ስለወረዱ «ፍጻሜ መንግሥት» የሚል ስም ወጣላቸው። ስሙን ያወጣው ሕዝብ ነገሩን ከጸሐፍት ቀድሞ ገብቶታል።

ይህን ዘመነ መሳፍንት ብለን የምንጠራውን ጊዜ የዘጋው የቋራው ካሣ ነው። ስሜን ላይ፣ ጃናሞራ ውስጥ ያለችውን ደረስጌ ማርያምን ያሠሯት ደጃዝማች ውቤ ሊነግሡባት አስበው ነበር። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ውቤ እዚያው ተሸንፈው ታሰሩ፤ በዚያች ቤተ ክርስቲያን ካሣን ቀብተው ቴዎድሮስ ያሏቸውም አቡነ ሰላማ ናቸው። ቴዎድሮስ ራስም ንጉሥም እሳቸው ሆኑ።

እቴጌ ምንትዋብ ባላቸውን፣ ልጃቸውንና የልጅ ልጃቸውን ቀብረው በ1765 ዓ.ም. ሞቱ። ከጎንደር በላይ ባለው ቁስቋም ያሠሩት ቤተ መንግሥት ጣሪያው ፈርሶ ቆሟል፤ በግድግዳው ላይ በተለጠፈው ቀይ ድንጋይ ግን የመስቀሉና የአበባው ቅርጽ አሁንም ይለያል። ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ቀሳውስቱ ለእንግዳ በመስታወት የተሸፈነ ሣጥን ያሳያሉ። ውስጡ የእቴጌዪቱ፣ የኢያሱና የኢዮአስ አፅም ነው ይላሉ። ሣጥኑ ትንሽ ነው። የእናትና የልጅ፣ የአያትና የልጅ ልጅ አጥንት ተደባልቆ ተቀምጧል፤ የትኛው የማን እንደሆነ መለየት አይቻልም።