ከኋላ የሚቆጠር ቀን

የወር አበባዋ በየ30 ቀኑ ሳይዛነፍ የሚመጣ ሴት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከተጠቀመች ዓመቱን ሙሉ ቀኗ አንድ ነው። ጥቅምት 12 ከመጣባት ኅዳርም፣ ታኅሣሥም፣ እስከ ነሐሴ ድረስ በ12 ይመጣል። ጳጉሜን ካለፈች በኋላ ግን መስከረም 7 ላይ ከች ይልና “ምን ነካኝ?” ያሰኛታል። ምንም አልነካትም፤ የጳጉሜን አምስቱን ቀናት ሳትቆጥራቸው ቀርታ ነው።

ይህኛው ስህተት ጉዳት የለውም። ላልታሰበ እርግዝና የሚዳርገው ሌላኛው ነው፤ እንቁላል የሚወጣው የወር አበባ ከታየ በ14ኛው ቀን ነው የሚለው። ከባዮሎጂ ደብተር የተቀዳ ስለሆነ ማንም አይጠራጠረውም። ሳይንሱ ግን ከጅምሩም እንዲህ አላለም። ጃፓናዊው ሐኪም ክዩሳኩ ኦጊኖ እ.ኤ.አ. በ1924፣ ኦስትሪያዊው ሄርማን ክናውስም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለየብቻቸው የደረሱበት፣ እንቁላል የሚወጣው የሚቀጥለው የወር አበባ ከመምጣቱ ሁለት ሳምንት ገደማ ቀደም ብሎ መሆኑን ነው። ቆጠራው ከኋላ ነው ማለት ነው። ዑደቷ 28 ቀን ለሆነ ሴት ሁለቱም አቆጣጠር 14 ላይ ይገጥማል። 35 ቀን ለሚፈጅባት ግን እንቁላሉ የሚወጣው በ21ኛው ቀን አካባቢ ነው፤ በ24 ቀን ለሚመጣባት ደግሞ በ10ኛው።

ለምን እንዲህ ሆነ? ትእዛዙ የሚነሳው ከማህፀን ሳይሆን ሃይፖታላመስ ከሚባለው ትንሽ የአንጎል ክፍል ነው። እሱ ጂ ኤን አር ኤች የተባለ ሆርሞን ቅርቡ ወዳለው ፒቱታሪ ዕጢ ይልካል፤ ፒቱታሪ ደግሞ ኤፍ ኤስ ኤች እና ኤል ኤች የተባሉትን ሁለት ሆርሞኖች በደም በኩል ወደ እንቁላል ዕጢዎች ይሰዳል። ጂ ኤን አር ኤች በአንጎል ውስጥ ያለው መጠን እጅግ ጥቂት ከመሆኑ የተነሳ የአንድሩ ሻሊ ቡድን ምንነቱን ለመለየት ከመቶ ሺህ በላይ የአሳማ ሃይፖታላመስ ማሰባሰብ ነበረበት። ሻሊና ተቀናቃኙ ሮዤ ጊየማን በአንጎል ሆርሞኖች ላይ በሠሩት ሥራ እ.ኤ.አ. በ1977 የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል።

ለእኔ ከዚህ የሚበልጥብኝ በዚያው ዘመን ኧርነስት ኖቢል ፒትስበርግ ውስጥ በጦጣዎች ላይ ያየው ነው። የራሳቸው ጂ ኤን አር ኤች እንዳይመነጭ የተደረጉት ጦጣዎች በሰዓት አንድ ጊዜ ለጥቂት ደቂቃ ሆርሞኑ ሲሰጣቸው ፒቱታሪያቸው በወጉ ሠራ። ያው ሆርሞን ያለማቋረጥ ሲንቆረቆርላቸው ግን ኤፍ ኤስ ኤችም ኤል ኤችም ወደቁ። በር ቆርቆር አድርጎ ዝም ለሚል እንግዳ ይከፈትለታል፤ ያለ ፋታ ለሚደበድበው ባለቤቱ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። ሐኪሞች ይህን ተጠቅመው ዛሬ ያለ ዕድሜው የመጣን ጉርምስና ይገታሉ።

ወደ እንቁላል ዕጢው እንምጣ። ሴት ልጅ ስትወለድ ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን የሚደርሱ ያልበሰሉ እንቁላሎች ይዛ ነው፤ በሕይወት ዘመኗ በስለው የሚወጡት ግን 400 ገደማ ብቻ ናቸው። በየዑደቱ በኤፍ ኤስ ኤች ቀስቃሽነት እንቁላል የያዙ በርካታ ከረጢቶች ማደግ ይጀምራሉ። ከመካከላቸው አንዷ ትቀድማለች፤ ኤስትሮጅን ታመነጫለች። ኤስትሮጅኑ ወደ አንጎል ተመልሶ “በቃ፣ ኤፍ ኤስ ኤች ቀንስ” ይላል፤ ሌሎቹ ከረጢቶች በዚህ ይከስማሉ፣ ቀዳሚዋ ግን ባነሰውም ታድጋለች። ዲያሜትሯ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲደርስ፣ ኤስትሮጅኑም ለሁለት ቀን ያህል ከፍ ብሎ ሲቆይ ነገሩ ይገለበጣል። እስከዚያ ይገታ የነበረው ያው ሆርሞን አሁን ይገፋል፤ ኤል ኤች ይወነጨፋል፤ ከ36 ሰዓት ገደማ በኋላ ከረጢቷ ፈንድታ እንቁላሉ ይወጣል።

እንግዲህ የመጀመሪያው አጋማሽ ርዝመት የሚወሰነው ከረጢቷ እስክትበስል በሚፈጀው ጊዜ ነው። ሕመም፣ ጭንቀት፣ ክብደት መቀነስ፣ ከባድ ስፖርት አንጎሉ ጂ ኤን አር ኤች የሚልክበትን ምት ካዘገዩት መብሰሏም ይዘገያል። ጡት ማጥባትም እንዲሁ። ሁለተኛው አጋማሽ ግን ብዙ አይዋዥቅም። የፈነዳችው ከረጢት ቢጫ አካል ሆና ፕሮጄስትሮን ታመነጫለች፤ የሰውነት ሙቀትም ከ0.3 እስከ 0.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከፍ ይላል። ዕድሜዋ ሁለት ሳምንት ያህል ነው። ፅንስ ከተፈጠረ ኤች ሲ ጂ የተባለው ሆርሞን ያቆያታል፤ የሽንት ምርመራው የሚለየውም ይህንኑ ነው። ካልተፈጠረ ትከስማለች፣ ፕሮጄስትሮን ይወርዳል፣ የማህፀን ግድግዳ ሽፋን ተልጦ ደም ሆኖ ይፈሳል።

የወንድ ዘር በሴት አካል ውስጥ እስከ 5 ቀን ሊቆይ ስለሚችል በ10ኛው ቀን እንቁላል የሚወጣላት ሴት ከ5ኛው ቀን ጀምሮ ልትፀንስ ትችላለች፤ ያኔ ደሙ ገና አልቆመም ይሆናል። በአሜሪካ ሴቶች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2000 ይፋ የሆነ ጥናት ማርገዝ የሚችሉባቸው ቀናት ሙሉ በሙሉ ከ10ኛው እስከ 17ኛው ቀን ውስጥ የሚወድቁላቸው ሴቶች 30 በመቶ ያህል ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል።

ፖስት ፒል የሚባለው ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ ክኒንም የሚሠራው እንቁላሉ ከመውጣቱ በፊት ነው። የኤል ኤችን መወንጨፍ ያዘገያል፤ አንዴ ከተወነጨፈ ግን ማስቆም አይችልም፣ የተፀነሰንም አያስወርድም። ስለዚህ መድኃኒቱ የሚያስፈልጋት ሴት 72 ሰዓት አለኝ ብላ ነገ ከነገ ወዲያ ማለት የለባትም፤ በዚያው ቀን ትዋጠው።