መብረቅ የመታው የጨረቃ ጉዞ



ጨረቃን መጀመሪያ የረገጠው ማን ነው ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ልጆቻችሁ ኒል አርምስትሮንግ ብለው ይመልሱላችኋል። ከእርሱ በኋላ የሄዱትን ግን የሚያነሣቸው ጥቂት ነው። ከ1969 እስከ 1972 ዓ.ም. (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሰው 6 ጊዜ ጨረቃ ላይ አርፏል። ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ ሁለተኛው፣ ስለ አፖሎ 12 ነው።

ፒት ኮንራድን፣ ዲክ ጎርደንንና አለን ቢንን የያዘችው መንኮራኩር በኖቬምበር 14 ቀን 1969 ዓ.ም. ከፍሎሪዳ ስትነሣ ዝናብ ይጥል ነበር። ግማሽ ደቂቃ ያህል እንደሄደች መብረቅ መታት፤ ወዲያው ደግሞ ሁለተኛ መታት። መብረቁን የጠራው ራሱ ሮኬቱ ነው። ረጅሙ አካሉና ከኋላው የሚተፋው እሳት ለደመናው ኤሌክትሪክ ወደ ምድር መውረጃ መንገድ ሆኑት።

በውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያመነጩት መሣሪያዎች ተቋረጡ፤ የማስጠንቀቂያ መብራቶች በሩ። ሂውስተን ባለው መቆጣጠሪያ ጣቢያ የሚታዩት ቁጥሮች ትርጉም አጡ። ጉዞው ሊቋረጥ ተቃርቦ ሳለ፣ ጆን አሮን የሚባል የ26 ዓመት ወጣት ባለሙያ እንዲህ ያለውን የቁጥር መዘበራረቅ ከአንድ ዓመት በፊት በሙከራ ጊዜ አይቶት ነበርና አስታወሰው። አንድ ማብሪያ ማጥፊያ ወደ መጠባበቂያው እንዲዞር ተናገረ። የበረራው አለቃ ምን እንደሆነ አላወቀም፤ ኮንራድም አላወቀም። ቢን ግን ያውቀው ነበርና አዞረው። ቁጥሮቹ ተመለሱ፤ ኤሌክትሪኩም እንደገና ተገናኘ።

ከባዱ ውሳኔ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሲመለሱ ጃንጥላዎቹን የሚከፍተውን መሣሪያ መብረቁ አበላሽቶት ቢሆንስ? ይህን ማረጋገጫ መንገድ አልነበረም። ኃላፊዎቹ ተበላሽቶ ከሆነ ዛሬ ቢመለሱም ከ10 ቀን በኋላ ቢመለሱም አደጋው ያው ነው ብለው እንዲቀጥሉ ፈቀዱ። ጥርጣሬያቸውን ግን ለሦስቱ አልነገሯቸውም። ደግ አደረጉ ወይስ አላደረጉም፣ እናንተው ፍረዱ።

ኮንራድና ቢን በኖቬምበር 19 ቀን ጨረቃ ላይ አረፉ። ያረፉትም በ1967 ዓ.ም. ያለ ሰው ከተላከችው ከሰርቬየር 3፣ 200 ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ነው። አርምስትሮንግ ከታሰበለት ቦታ ኪሎ ሜትሮች አልፎ ስለነበር ያረፈው፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በእግራቸው ሄደው ካሜራዋን ቆርጠው ለምርመራ አመጡ።

ታዲያ ለምን ተረሳ? አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ቢን የቴሌቪዥኑን ካሜራ ሲያዛውር ወደ ፀሐይ ዞረበትና ተቃጠለ። በየቤቱ ሊያይ የተቀመጠው ሕዝብ ድምፅ ብቻ ቀረለት።

በኖቬምበር 24 ቀን ሦስቱም ጃንጥላዎች ተከፈቱ፤ ሰዎቹም ፓሲፊክ ውቅያኖስ ላይ በደኅና ወረዱ።