የደኑ ዘር ያለው በአፈሩ ውስጥ አይደለም

በደቡብ ጎንደር ዞን በታረሰው ማሳና በተራቆተው የግጦሽ መሬት መካከል፣ እዚህም እዚያም ጥቅጥቅ ያሉ የዛፍ ጉብታዎች ይታያሉ። የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች ናቸው፤ በዞኑ ቁጥራቸው ከ1 ሺህ በላይ ነው። ቀድሞ ደጋውንና ወይናደጋውን ሸፍኖ ከነበረው የተፈጥሮ ደን አብዛኛው ተመንጥሮ ለእርሻ ሲውል፣ የተረፈው በአብዛኛው በእነዚሁ ቅጥሮች ዙሪያ ነው። ምእመናኑና ካህናቱ ባይጠብቋቸው ኖሮ ዛሬ ጥናት የሚደረግበት ደን ባልኖረ ነበር።

ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በኔዘርላንድስ ዋኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2007 ላጠናቀቁት የዶክትሬት ጥናት በዞኑ የሚገኙ 28 የአብያተ ክርስቲያናት ደኖችን ፈትሸዋል። ደኖቹ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1 ሺህ 800 እስከ 3 ሺህ 100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኙ ሲሆን፣ ስፋታቸውም ከ2 ሄክታር ካነሰው እስከ 100 ሄክታር ይደርሳል። በእነዚህ ደኖች 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ከጥቂቶቹ በስተቀር ሁሉም አገር በቀል ናቸው። ጽድ፣ ወይራ፣ ጥቁር እንጨትና ሌሎችም ከደኑ ውጭ እየጠፉ ያሉ ዛፎች በዚያ ይገኛሉ።

ለአርሶ አደሩና ለወረዳ ባለሙያው ትልቁን ትምህርት የሚሰጠው ግን ከደኑ አፈር ላይ የተደረገው ምርመራ ነው። ከደኑ ወለል የተወሰደው አፈር ውኃ እየጠጣ ዘሩ እንዲበቅል ሲደረግ፣ የበቀለው በአብዛኛው ሣርና ሌላ ለስላሳ ግንድ ያለው ተክል ሆኖ ተገኝቷል። የታላላቆቹ ዛፎች ዘር ግን ጥቂት ነው፤ የብዙዎቹም ጨርሶ አልተገኘም። አርሶ አደር እንደሚያውቀው የአረም ዘር በማሳ ውስጥ ተቀብሮ ዓመት ጠብቆ ይበቅላል። የደኑ ዛፍ እንዲህ አያደርግም። ዘሩ ወድቆ ወዲያው ካልበቀለ ይበሰብሳል ወይም ይበላል። ስለዚህ የደኑ ጎተራ አፈሩ ሳይሆን ቆሞ የሚታየው እናት ዛፍ ነው። እናት ዛፉ ከተቆረጠ፣ መሬቱ ቢከለልም ያ ዝርያ ከሥር ተነሥቶ አይመጣም።

ሁለተኛው ግኝት ስለ ከብት ነው። በሁለት ደኖች ውስጥ፣ በደኖቹ ዳርቻና በአጠገባቸው ባለው ሜዳ ላይ የታጠሩና ያልታጠሩ መደቦች ተዘጋጅተው የጽድ፣ የወይራ፣ የጥቁር እንጨትና የሎል ዘርና ችግኝ ክትትል ተደርጎላቸዋል። ከብት በገባባቸው መደቦች የዘሩ መብቀል፣ የችግኙ ዕድገትና በሕይወት መቆየት እጅግ ዝቅ ብሏል። ከብቱ የሚበላው ብቻ ሳይሆን የሚረግጠውም ይጎዳል። ከላይ ሲያዩት ለምለም የሆነ ደን ከሥሩ ወጣት ዛፍ ከሌለው ተተኪ የለውም ማለት ነው።

የጉዳቱን መጠን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነ ሌላ ጥናት አሳይቷል። የኢትዮጵያና የአሜሪካ ተመራማሪዎች በጋራ ባካሄዱት በዚህ ጥናት፣ በደቡብ ጎንደር ከተፈተሹት ደኖች በአማካይ 56 በመቶ የሚሆነው በሰው ንክኪ የተጎዳ ነው። መንስኤዎቹ ምንጣሮ፣ የእግር መንገድ፣ ሕንፃ፣ መጤ ዛፍና አረም ናቸው። ንክኪ በበዛበት ቦታ የዛፉም የችግኙም ብዛትና ዓይነት ያንሳል። ተመራማሪዎቹ ትላልቆቹ ደኖች ብቻ ሳይሆኑ ትናንሾቹም እንዲጠበቁ መክረዋል።

መፍትሔው ግን ከአካባቢው አቅም በላይ አይደለም። ዶክተር ዓለማየሁ ከአሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ማርጋሬት ሎማን ጋር በመሆን ከካህናትና ከምእመናን ጋር መክረው፣ እንደ ደብረሰናና ዝሃራ ባሉ አብያተ ክርስቲያናት ደኖች ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲሠራ አድርገዋል። ድንጋዩን አርሶ አደሮች ከማሳቸው ለቅመው አመጡት። ደኑ ታጠረ፤ ማሳውም ለማረሻ ተመቸ።

አስቸጋሪው ጉዳይ ካቡ ከቆመ በኋላ ያለው ነው። በበጋ ጥላና ሣር ያለው በደኑ ውስጥ በመሆኑ፣ ከብቱን የሚያስገባው አርሶ አደር አማራጭ መኖ ካላገኘ በሩን መልሶ ይከፍታል። ደብሩም ገቢ ስለሚያስፈልገው በቅጥሩ ውስጥ ባሕር ዛፍ መትከሉ የተለመደ ነው። ባሕር ዛፍ የገንዘብ ምንጭ መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን የእናት ዛፎቹን ቦታ ሲይዝ የማይተካውን በሚተካ መለወጥ ይሆናል። ቦታው ከደኑ ውጭ ባለ ሌላ መሬት ነው።

ከዚህ በመነሣት የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች በዘንድሮ ዕቅዳቸው ሊያካትቷቸው የሚገቡ ሥራዎች አሉ። በመጀመሪያ ከሰበካ ጉባኤያት ጋር ሆነው በየደኑ ያሉትን እናት ዛፎች መቁጠርና ማንም እንዳይቆርጣቸው በመተዳደሪያ ደንብ ማጽናት ያስፈልጋል። ካብ በሚሠራበት ቀበሌም ከብት ላላቸው አባወራዎችና እማወራዎች የመኖ ዘርና ሣር አጭዶ የመመገብ ልምድ አብሮ መድረስ አለበት። የችግኝ ጣቢያዎችም አገር በቀል ዘር ከእነዚህ ደኖች በወቅቱ ለቅመው፣ ሳይከርም መዝራት ይጠበቅባቸዋል።

ችግኝ መትከል በየዓመቱ በዘመቻ ይሠራል፤ የሚመሰገንም ነው። ይሁንና ዘር የሚሰጠው ዛፍ ቆሞ፣ ከሥሩም ከብት ሳይገባ ከቀረ ደኑ ብዙውን ችግኝ ራሱ ይተክላል። የዘሩ ባለቤት የሆነው ዛፍ ግን አንዴ ከወደቀ በዘመቻ አይመለስም።