ለእናታችሁ የመስሚያ መሣሪያ ልትገዙ ነው? ከዋጋው በፊት ይህን አንብቡ

ቴሌቪዥኑ እስከ ጎረቤት ይሰማል። ስትጠሯት አትመልስም፤ ስትመልስ ደግሞ የጠየቃችኋትን ትታ ሌላ ነገር ትመልሳለች። ቡና ላይ ሰው ሲስቅ አብራ ትስቃለች፣ ግን ምን እንደተባለ አልሰማችም። ስትደውሉላት «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ፣ በሉ ደህና ሁኑ» ብላ በአንድ ደቂቃ ትዘጋዋለች። ቤተሰቡ «እርጅና ነው» ይላል። «እሷ እኮ የፈለገችውን ብቻ ነው የምትሰማው» ብሎ የሚቀልድም አይጠፋም።

ይህን ጽሑፍ ያስጀመረን የአንዷ ባልደረባችን እናት ነገር ነው። ውጭ አገር ያለው ወንድሟ ኦንላይን ላይ ያገኘውን ርካሽ «የመስሚያ መሣሪያ» ገዝቶ በሰው ላከ። ቤቱ ተደሰተ። እናትየው ሦስት ቀን አደረጉት፣ በአራተኛው ቀን «ራሴን አዞረኝ፣ አንሱልኝ» አሉ። መሣሪያው ኮመዲኖ ውስጥ ገባ፤ ከአሮጌ መነጽርና ጊዜው ካለፈበት መድኃኒት ጋር።

ዕቃው አልተበላሸም ነበር። ግን ለእሳቸው ጆሮ የተስተካከለ አልነበረም፤ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታትም አብሯቸው ያለፈ ሰው አልነበረም። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ረዘም አድርገን ጽፈነዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ 430 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች ለመስማት ችግራቸው እርዳታ ያስፈልጋቸዋል። የመስሚያ መሣሪያ ሊጠቅማቸው ከሚችሉት ውስጥ የሚጠቀሙት ግን 17 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። ዋጋው አንዱ ምክንያት ነው። ብቸኛው ግን አይደለም።

«ይሰማኛል፣ ግን አይገባኝም»

ይህን የሚል ሰው ቤታችሁ ካለ አትቆጡት፤ ሕመሙን በትክክል ነው የገለጸላችሁ። በዕድሜ የሚመጣ የመስማት መቀነስ ሁሉንም ድምፅ እኩል አያጠፋም። መጀመሪያ የሚሄዱት ቀጫጭኖቹ ናቸው፦ የወፍ ድምፅ፣ የስልክ ሜሴጅ ጥሪ፣ ከፊደሎቻችን ደግሞ እነ ስ፣ ፍ፣ ሽ፣ ች። እነ አ፣ ኦ፣ ኡ ወፍራምና ጉልበት ያላቸው ስለሆኑ ይሰማሉ። ስለዚህ ሰውየው ድምፅ እንዳለ ያውቃል፣ ቃሉን መለየት ነው የሚያቅተው። «ልጁ ሠራ» እና «ልጁ ፈራ» አንድ ይሆኑበታል። አማርኛ ላይ ደግሞ ማን ምን እንዳደረገ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ቃሉ ጫፍ ላይ ባለች አንዲት ድምፅ ነው። «መጣች» ላይ «ች» ካልተሰማች የሚቀረው «መጣ» ነው። ስለ እህታችሁ እያወራችሁላት ስለ ወንድማችሁ ከመለሰች አልዘነጋችም፤ አልሰማችም።

አሁን ርካሾቹ መሣሪያዎች ለምን ኮመዲኖ ውስጥ እንደሚገቡ ግልጽ ይሆናል። ኦንላይን በትንሽ ገንዘብ ከሚሸጡት ብዙዎቹ ተራ ድምፅ ማጉያዎች ናቸው። ሥራቸው የስልካችሁን ቮልዩም እንደ መጨመር ነው፤ የጠፋውንም ያልጠፋውንም አንድ ላይ ያጎላሉ። የበር ኳኳታ፣ የመኪና ሞተር፣ የሲኒ ግጭት ጆሮ ይበሳል፤ ያቺ «ች» ግን ከነሱ ሥር እንደተቀበረች ትቀራለች። ትክክለኛውን የመስሚያ መሣሪያ ኢኳላይዘር እንዳለው ነገር አድርጋችሁ አስቡት። በምርመራ የታወቀውን የጎደለ የድምፅ ክልል ለይቶ ያነሳል፤ ድንገት ከባድ ድምፅ ሲመጣ ደግሞ ገደብ ያበጅለታል።

ሻጩን አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ «በኦዲዮግራም ይስተካከላል ወይ?» «አዎ፣ ይቺን ስታዞራት ድምፁ ይጨምራል፣ ይቀንሳል» ካላችሁ አመስግናችሁ ውጡ።

ኦዲዮግራም ማለት የመስማት ምርመራው ውጤት ነው። ሰውየው ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ ገብቶ፣ ኢርፎን አድርጎ፣ ከወፍራም እስከ ቀጭን ድምፅ እየተለቀቀለት የትኛውን ከስንት ዴሲቤል ጀምሮ እንደሚሰማ በግራፍ ይሳልለታል። በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ ከ20 እስከ 35 ዴሲቤል ያለው ቀላል፣ ከ35 እስከ 50 ያለው መካከለኛ ጉድለት ነው፤ ከ65 ሲያልፍ ከባድ ይባላል። ወረቀቱን ተቀብላችሁ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ውጭ ያለው ወንድማችሁ «ምን ልላክ?» ሲል የምትልኩለት የመሣሪያ ፎቶ ሳይሆን ይህ ነው።

ግን ከዚያም በፊት ከአንገት በላይ ሐኪም ጆሮውን ይየው። አንዳንዴ ነገሩ ኩክ ብቻ ሆኖ ይገኛል፤ ሲወጣ ሰውየው በዚያው ቀን ይሰማል። (በኮተን በድ ራሳችሁ ልታወጡት አትሞክሩ፣ ወደ ውስጥ ነው የሚገፋው።) ጆሮው የሚመግል ከሆነ መጀመሪያ መታከም አለበት። እንደ ጄንታማይሲን ያለ የውስጥ ጆሮን ሊጎዳ የሚችል መድኃኒት ወስዶ ከሆነ ለሐኪሙ ይንገረው። አንድ ጆሮ በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ድንገት ከጠፋ ደግሞ መሣሪያ ፍለጋ የለም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት። ቀናት ባለፉ ቁጥር የመመለስ ዕድሉ ይቀንሳል።

የት ይገዛ?

አሜሪካ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2022 ጀምሮ ኤፍዲኤ ባወጣው ደንብ መሠረት፣ ዕድሜያቸው 18 እና ከዚያ በላይ ለሆነና ጉድለታቸው ከቀላል እስከ መካከለኛ ለሆነ ሰዎች የመስሚያ መሣሪያ ያለ ሐኪም ማዘዣ ከፋርማሲና ከሱቅ መግዛት ይቻላል። ድሮ አንድ ጥንድ ብዙ ሺህ ዶላር ይጠይቅ የነበረበት ገበያ ላይ አሁን በጥቂት መቶ ዶላር የሚጀምሩ አሉ። ካርቶኑን አዙራችሁ አንብቡ፤ የባትሪው ዓይነትና የመመለሻ ደንቡ እላዩ ላይ መጻፍ አለበት። «አይመለስም» የሚለውን ተዉት። ብዙዎቹ በስልክ አፕ ስለሚስተካከሉ ደግሞ «አፑን ማን ነው የሚነካላት?» ብላችሁ አስቀድማችሁ አስቡ። ጉድለቱ ከባድ ከሆነ ወይም ለልጅ ከሆነ እነዚህ አይሆኑም፤ ባለሙያ የሚያስተካክለው ያስፈልጋል።

«ኤርፖድስስ?» የሚለን አይጠፋም። እውነት ነው፣ ኤፍዲኤ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 የአፕል ኤርፖድስ ፕሮ 2ን የመስሚያ ሶፍትዌር ፈቅዷል። አይፎን ወይም አይፓድ ይፈልጋል፣ አገልግሎቱ በሁሉም አገር አልተከፈተም፣ ቻርጁም ሙሉ ቀን አይቆይም። ስብሰባ ላይ ለሚቸገር የ50 ዓመት አጎት ጥሩ መጀመሪያ ሊሆን ይችላል። ለ78 ዓመት አያት ግን አንመክርም።

እኛን ብትጠይቁን፣ ተጠቃሚዋ ኢትዮጵያ ውስጥ ከሆነች ከውጭ ከሚላክ ውድ ዕቃ ይልቅ እዚያው ባለሙያ የሚያስተካክለውን መካከለኛ ዕቃ እንመርጣለን። ምክንያቱም አንዴ ተስተካክሎ አያልቅም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሳችሁ «ይጮህባታል» ወይም «አሁንም አልሰማችም» ማለታችሁ አይቀርም። የግድ ከውጭ የሚመጣ ከሆነ ሻጩ በኢንተርኔት ከርቀት ማስተካከል ይችል እንደሆነ ጠይቁ። ከሌላ ሰው የተረፈ መሣሪያ የምትቀበሉም አላችሁ፤ አይጣልም፣ ግን በሌላ ሰው ጆሮ ልክ የተሞላ ነው። ባለሙያ በአዲሱ ኦዲዮግራም እንደገና ይሙላው፣ ጆሮ ውስጥ የሚገባው ክፍልም ይቀየር። ሁለቱም ጆሮ ችግር ካለበት ሁለት መሣሪያ ይሻላል፤ ብር ካልበቃ ግን በደንብ የተስተካከለ አንድ ከሁለት ማጉያ ይበልጣል።

ባትሪን ሰው ይረሳዋል። የሚቀየሩት ትንንሽ ባትሪዎች በቀለም ይለያሉ፦ ቢጫ 10፣ ቡናማ 312፣ ብርቱካናማ 13፣ ሰማያዊ 675። የሚሠሩት በአየር ነው፤ የተለጠፈችው ወረቀት ከተነሳች በኋላ መሣሪያው ቢጠፋም ባትሪው ማለቁን ይቀጥላል። ወረቀቷን አንስቶ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ማስገባት ጥሩ ነው። ትንሿ 10 በጥቂት ቀን ታልቃለች፤ 13 ግን አንድ ሁለት ሳምንት ትሄዳለች፣ ለአረጋዊ ጣትም ትመቻለች። የሚቆጠር ገንዘብ ስለሆነ የዓመቱን አስሉ። ቻርጅ የሚደረገው ይህ ጣጣ የለውም፤ መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ግን ፓወር ባንክ ይዛችሁ ነው። ትንሽ ልጅ ያለበት ቤት ደግሞ ባትሪውን አርቃችሁ አስቀምጡ፤ ከተዋጠ ለሕይወት ያሰጋል።

የመጀመሪያው ወር

እዚህ ነው ነገሩ የሚበላሸው። ባልደረባችን ሁለተኛውን መሣሪያ ከምርመራ በኋላ አስተካክላ ባስገባችበት ሳምንት ደስታዋን መቆጣጠር አቃታትና እናቷን ሰርግ ይዛቸው ሄደች። ኦርጋኑ፣ እልልታው፣ የሰሃኑ ድምፅ! ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አውልቀው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ወደ ኮመዲኖው ሊመለስ ትንሽ ነበር የቀረው።

ለዓመታት ጸጥታ የለመደ አእምሮ ድንገት ሁሉም ነገር ይከፈትበታል። የፍሪጁ ጉርምርምታ፣ የምጣዱ ሲርታ፣ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ፣ የገዛ እግሯ ኮቴ። የራሷ ድምፅ በርሜል ውስጥ የምታወራ ይመስላታል። ይህ ሁሉ የተለመደ ነው፤ አእምሮ የትኛውን ልስማ፣ የትኛውን ልተው የሚለውን እንደገና እስኪማር ሳምንታት፣ አንዳንዱ ላይ ወራት ይፈጃል። የሚማረው ግን መሣሪያው ጆሮ ላይ ሲሆን ብቻ ነው። ለእንግዳ ብቻ የሚወጣ መሣሪያ ሁልጊዜ እንግዳ ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ ቀስ በሉ። መጀመሪያ ቤት ውስጥ፣ ቴሌቪዥን ጠፍቶ፣ ከአንድ ሰው ጋር፣ በቀን አንድ ሁለት ሰዓት። ከዚያ ሰዓቱን መጨመር። ከዚያ ቡና፣ ሁለት ሦስት ሰው ሲኖር። ገበያና ሰርግ መጨረሻ ላይ። ቡና ላይ ስትቀመጥ ጀርባዋን ለጫጫታው፣ ፊቷን ለሰዎቹ አድርጉላት።

እናንተም ትማራላችሁ። ከሌላ ክፍል ሆኖ መጥራት ቀረ። መጀመሪያ ታይችሁ፣ ፊታችሁ ብርሃን ላይ ሆኖ፣ በተለመደ ድምፅ ተናገሩ። መጮህ ቃሉን ያበላሸዋል እንጂ አያጠራውም። አልሰማ ካለች ያንኑ ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ከመድገም በሌላ ቃል በሉት። ስልክ ስታወራ፣ ከጆሮ ጀርባ የሚደረግ መሣሪያ ከሆነ ስልኩ ወደ ጆሮ ቀዳዳው ሳይሆን ማይኩ ወዳለበት ወደ ላይ ይጠጋ፤ ይህን የሚነግራቸው ስለሌለ «ስልክ ላይ አይሠራም» ብለው የተዉት ብዙ ናቸው። ሩቅ ያላችሁ ቪዲዮ ደውሉ፣ ከንፈራችሁ ይታይ። ገንዘቡ እስኪሞላ ደግሞ፣ ማንበብ ለሚችል ሰው የጉግል ኪቦርድ የድምፅ መጻፊያ አማርኛ ስለሚቀበል ንግግራችሁን ጽፎ ማሳየት ይቻላል።

ሲጢጥ የሚል ፉጨት ከሰማችሁ ብዙ ጊዜ ጆሮ ውስጥ የሚገባው ክፍል በደንብ አልገባም፣ ወይ ልኩ አይደለም፣ ወይ ኩክ አለ። ሌላም አለ፦ ሻሽና ነጠላ። ማይኩ ላይ ጠበቅ ብሎ ሲታሰር ያፏጫል፤ ላላ ማድረግ ይበቃል። ፀጉር ቅቤ የሚቀባ ቀን መሣሪያው ይውለቅ፤ ቅቤ የማይኩን ቀዳዳ ከደፈነ ዕቃው ዝም ይላል። ሻወርም እንደዚያው። ማታ በደረቅ ጨርቅ ጠርጉት፣ የባትሪውን በር ክፍት አድርጋችሁ አሳድሩት። አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘዋን እርጥበት የምትመጥ ከረጢት አትጣሏት፤ ከመሣሪያው ጋር ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ አስቀምጧት።

«ልመዱት» የማይባልም አለ። ጆሮውን ካቆሰለ፣ ካሳመመ፣ ወይም ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥም ሰው ሲያወራ ከደነገጠች ወደ አስተካካዩ ይመለስ። ሰው ታግሶ አያስተካክለውም፣ በኮምፒውተር ነው የሚስተካከለው።

የባልደረባችን እናት አሁን መሣሪያውን ጠዋት አድርገው ማታ ያወልቁታል። የወንድሟ ስልክ ከአንድ ደቂቃ ወደ ግማሽ ሰዓት አድጓል፤ የካርድ ወጪ ጨመረብኝ እያለ ያማርራል። ሽንኩርት ሲጠበስ ግን እስካሁን አይወዱም። ሰርግ ላይም ኦርጋኑ ሲጀምር አውልቀው ቦርሳቸው ውስጥ ይከቱታል፤ እሱን እንኳን እኛም ብንሆን እናደርገው ነበር።