የእርሳስ ወታደሮችን እንደገና ስንቀባ

በየትምህርት ቤቱ የመርጃ መሣሪያ ክፍል አቧራ የለበሰ ዕቃ አይጠፋም። በኬንያ ሞያሌ፣ ኦቦ በተባለው ሥፍራ በዕረፍት ጊዜ ያገኘነው ግን ካርታም ሉልም አልነበረም። በእንጨት ሣጥን የታጨቁ፣ ከእርሳስ ማዕድን የተሠሩ 46 ትናንሽ ወታደሮች ነበሩ። ቁመታቸው ከአውራ ጣት አይበልጥም። ቀለማቸው ተላልጧል፣ ጠመንጃቸው ተጣሟል፤ ፊታቸው ያልተላጠው ሁሉ ሮዝ ነው።

እንዲህ ያሉ ምስሎች የሕፃን መጫወቻ ብቻ አይደሉም። የፕሩሲያ ጦር ከ1824 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መኮንኖቹን በካርታ ላይ በሚካሄድ የጦርነት ጨዋታ አሠልጥኗል። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስም በ1913 እ.ኤ.አ. በአሻንጉሊት ወታደሮች የሚካሄድ ጨዋታ ደንብ አሳትሟል። እኛ ያሰብነው ግን ተማሪዎቹ በየቀኑ በሚረግጡት መሬት ላይ የተደረገውን ውጊያ በጠረጴዛ ላይ ለማሳየት ነው።

በሐምሌ 1932 ዓ.ም. (1940 እ.ኤ.አ.) የጣልያን ጦር በሞያሌ የነበረውን የእንግሊዝ ምሽግ ከበበ። የተከበበው ጦር ሐምሌ 7 ለ8 አጥቢያ በጨለማ ሾልኮ ወጣ፤ ሞያሌም እስከ የካቲት 1933 ዓ.ም. በጣልያን እጅ ቆየች።

ችግሩ የመጣው ብሩሽ ስናነሣ ነው። ተማሪዎቹ ባንድ ወገን ያሉትን ነጭ፣ በሌላው ወገን ያሉትንም ነጭ ሊቀቡ ተዘጋጁ። እኛም ብንሆን ሮዙን ፊት እንዳለ ልንተወው ትንሽ ቀርቶን ነበር። ነገር ግን በእንግሊዝ በኩል የተሰለፈው የንጉሡ የአፍሪካ ጠመንጃ ጦር መኮንኖቹ እንግሊዛውያን ይሁኑ እንጂ ተራ ወታደሮቹ ከኬንያ፣ ከታንጋኒካ፣ ከኡጋንዳና ከኒያሳላንድ የተመለመሉ ነበሩ። የጣልያንም የምሥራቅ አፍሪካ ጦር አብዛኛው ከኤርትራ፣ ከሶማሊያና በወረራ ከተያዘችው ኢትዮጵያ የተመለመለ አስካሪ ነበር። አንዲት ተማሪ፣ «ታዲያ ጠላቱ የትኛው ነው?» አለችን። በአገራችን ባህላዊ ሥዕል ወዳጅ ከነሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት፣ ጠላት ደግሞ በጎኑ በአንድ ዓይን ይሣላል። እዚህ ግን ያ ዘዴ አያገለግልም። የዚያን ቀን ስለ ምልመላና ስለ ቅኝ አገዛዝ ስንነጋገር ብሩሹ ሁሉ ደረቀብን።

አሁን ወደ ሥራው እንመለስ። ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት እርሳስ መርዝ መሆኑ ነው። በእንጨት ሣጥን ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ ከእንጨቱ የሚወጣው የአሲድ ትነት ይበላውና ነጭ ዱቄት ያወጣል። እንዲህ የሆኑትን 5 ምስሎች በጠርሙስ ከድነን ለየናቸው። ቀሪዎቹን ጓንት አድርገን በሳሙናና ለብ ባለ ውሃ በለስላሳ ብሩሽ ያጠብናቸው እኛ መምህራን ነን፤ ተማሪ አላስነካንም። በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ፈጽሞ አይገባም፣ ብናኙ ወደ ሳንባ ይገባልና። የተጣመመ ጠመንጃም በኃይል ከተቃና ይሰበራል፤ ሁለት ሰብረን ነው የተማርነው።

ምስሉን በለስላሳ መጠጥ ቆርኪ ላይ በማጣበቅ ቆርኪውን እየያዙ መቀባት ይቻላል። መጀመሪያ ስስ አንቲሩጂኒ ይቀባል፤ ነገር ግን እርሳስ የሌለበት መሆኑ በቆርቆሮው ላይ ይታይ። እሱ ደርቆ ብረቱን ከሸፈነ በኋላ ለተማሪዎቹ ሰጠናቸው። የዘይት ቀለሙን በአኳራጅ አቅጥኖ ሁለት ጊዜ በስሱ መቀባት አንድ ጊዜ በወፍራሙ ከመቀባት ይሻላል፤ የወፈረ ቀለም አፍንጫና ጣት ይውጣል። መስኮት ይከፈት፤ ይሁን እንጂ የሞያሌ ነፋስ አቧራውን በእርጥብ ቀለም ላይ ስለሚያለብሰው ምስሎቹን በካርቶን እንከድናቸው ነበር። ሥራው ሲያልቅ ሁሉም እጁን በሳሙና ይታጠባል፤ በክፍሉ ውስጥም አይበላም።

የሁለቱም ወገን የዘመቻ ልብስ ካኪ ስለሆነ መለያው ሌላ ነው። አስካሪው ረጅም ቀይ ታርቡሽ ያደርጋል፤ የወገቡ መቀነት ቀለም የሻለቃውን ማንነት ያሳያል። ለፊቶቹ አንድ ዓይነት ቡናማ አዘጋጅተን ነበር፤ ተማሪዎቹ ግን እርስ በርሳቸው እየተያዩ አራት ዓይነት በጠበጡ።

እስካሁን 29 ተቀብተዋል። 12ቱ ካኪ ቀለም ስላለቀብን አንቲሩጂኒያቸውን እንደለበሱ በቆርኪያቸው ላይ ቆመው ይጠብቃሉ።