ሽቦ ለምን ይደክማል? ሐኪምስ?

ፒንሳ አጥታችሁ ሽቦ መቁረጥ ብትፈልጉ ምን ታደርጋላችሁ? ወዲህ ወዲያ ታጥፉታላችሁ አይደል? አምስት ስድስት ጊዜ ምንም አይሆንም፤ ከዚያ ድንገት ቀጭ ይላል። የመጨረሻዋ እጥፋት የተለየ ጉልበት ኖሯት አይደለም፤ የፊተኞቹ እጥፋቶች ጥቃቅን ስንጥቅ እየጨመሩ ስለሄዱ ነው። ኢንጂነሮች ይህን የብረት ድካም ይሉታል።

ሰውንም ሥራ እንዲህ ያደክመዋል፤ ስሙ በርንአውት ነው። ክርስቲና ማስላክና ሱዛን ጃክሰን በ1981 እ.ኤ.አ. ባወጡት መለኪያ ሦስት ገጽታ አለው፦ ስሜት ይሟጠጣል፣ ታካሚው እንደ ሰው መታየቱ ይቀራል፣ «ሥራዬ ምን ፈየደ?» የሚል ስሜት ይመጣል።

አሁን አሜሪካ ወዳሉ ጥቁር ሴት ሐኪሞች እንሂድ። ሬቤካ ሊ ክረምፕለር በዚያች አገር የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሐኪም ሆና የተመረቀችው በ1864 ነው። ዛሬም ከ100 ሐኪሞች ጥቁር ሴቶች 3 ያህል ብቻ ናቸው።

የሌሊት ተረኝነቱ የሁሉም ሐኪም ነው። እሷ ላይ ግን ሌላም ይደረባል። ጋውን ለብሳ ቆማ «ዶክተሩ መቼ ይመጣል?» ትባላለች። የብዝኃነት ኮሚቴ ሲቋቋም፣ ጥቁር ተማሪ መካሪ ሲፈልግ፣ የምትጠራው እሷው ናት፤ ብዙ ጊዜ ያለ ክፍያ። እያንዳንዱ ለብቻው ቀላል ይመስላል። በየቀኑ ሲደጋገምስ?

«ጠንክሪ፣ ዕረፍት ውሰጂ» ማለት ብቻውን አይበቃም። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 በርንአውትን የገለጸው እንደ በሽታ ሳይሆን ከሥራ ጋር እንደተያያዘ ክስተት ነው። ድልድይ ሲሰነጠቅ «በርታ» አንለውም፤ ጭነቱን እንቀንሳለን። እዚህም ያው ነው፦ ተጨማሪው ሥራ ይቆጠር፣ ይከፈልበት፣ ለሌሎችም ይከፋፈል።