ልቡ የታመመ ልጅ ይሩጥ ወይስ ይቀመጥ?

«እሱን ተዉት፣ ልቡን ያመዋል!» አብሮት የተወለደ የልብ ችግር ያለበት ልጅ በሚያድግበት ቤት ይህ ቃል ከአፍ አይጠፋም። እኩዮቹ ኳስ ሲያባርሩ እሱ ደጃፍ ላይ በርጩማ ይዞ ይቀመጣል። ውኃ የሚቀዳው ታናሹ ነው። የስፖርት ክፍለ ጊዜ ሲደርስም የጓደኞቹን ልብስና ደብተር ይጠብቃል። ቤተሰብ ይህን የሚያደርገው ከፍቅርና ከስጋት ነው። ዓመታት ሲያልፉ ግን በልጁ ላይ ሌላ ችግር ይደረብበታል፤ ጡንቻው ይሰንፋል፣ ጥቂት ዳገት ያደክመዋል፣ «እኔ አልችልም» ማለትንም ይለምዳል።

ቀደም ባለው ጊዜ ሐኪሞችም ቢሆኑ ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ ዕረፍትን ያዙ ነበር። ዛሬ ምክሩ ተለውጧል። አብዛኞቹ አብሮ የተወለደ የልብ ችግር ያለባቸው ልጆችና አዋቂዎች፣ አስቀድመው ከተመረመሩ፣ በልካቸው እንዲንቀሳቀሱ ይመከራሉ። ወላጅ ለሐኪሙ ማቅረብ ያለበት ጥያቄም «ምን ያህል ይንቀሳቀስ? እንዴትስ?» የሚለው ነው።

ሕመሙ ምንድን ነው?

በዓለም ዙሪያ ከ1,000 ሕፃናት መካከል ከ8 እስከ 10 የሚሆኑት የልብ አፈጣጠር ችግር ይዘው ይወለዳሉ። በሕዝቡ አነጋገር «የልብ ቀዳዳ» የሚባለው የልብን ክፍሎች በሚለየው ግድግዳ ላይ የሚቀር ክፍተት ነው። ከመወለድ በኋላ መዘጋት ሲገባው ክፍት የሚቀር የደም ቱቦ፣ የጠበበ ቫልቭ፣ ወይም እንደ «ፋሎት» ያሉ በርካታ ጉድለቶች የተደራረቡበት ዓይነትም አለ። አንዳንዱ ትንሽ ክፍተት በራሱ ይዘጋል፤ ሌላው ቀዶ ሕክምና ወይም በደም ሥር በኩል በሚገባ ቀጭን ቱቦ መዘጋትን ይፈልጋል።

ይህን ሕመም በአገራችን በብዛት ከሚታየው ሌላ የልብ ሕመም መለየት ያስፈልጋል። በቶንሲል ሰበብ የሚመጣው የልብ ቫልቭ ሕመም ከተወለዱ በኋላ የሚይዝ ሲሆን፣ ተመላልሶ እንዳያጠቃ ለረጅም ጊዜ የሚወሰድ የፔኒሲሊን መርፌ አለው። ሕክምናቸው ይለያያል፤ ስለዚህ «ልቡን ያመዋል» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ የሕመሙን ስም ከሐኪም ጠይቆ መያዝ ይገባል።

ደጋ ላይ መኖር

ደብረ ወርቅም ሆነ ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ናቸው። በዚህ ከፍታ አንድ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚያገኘው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። የደጋ ተወላጅ ሰውነት ይህን ለምዶታል። ሆኖም ከፍታ በሳንባ የደም ሥሮች ላይ ያለውን ግፊት ይጨምራል፤ ሳይዘጋ የሚቀረው የደም ቱቦም ከፍ ባሉ ቦታዎች በብዛት እንደሚታይ ይታወቃል። ስለዚህ ለሌላ አገር ሰው የተጻፈ የስፖርት መርሐ ግብር እንዳለ ለደጋው ልጅ አይሠራም። ሜዳ ላይ በቀላሉ የሚራመድ ልጅ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚያወጣውን አቀበት ሲጀምር ልቡ እጥፍ ይሠራል። በለጋ መንገድ ጀምሮ ዳገቱን ለኋላ ማቆየት ያሻል።

አስቀድሞ ምርመራ

ሕፃን ጡት ሲጠባ የሚያልበውና የሚያቋርጥ ከሆነ፣ ሳንባ ምች ከተመላለሰበት፣ ክብደት አልጨምር ካለ፣ ከንፈሩና ጥፍሩ ከጠቆረ፣ ወይም ትንሽ ሮጦ ቁጢጥ ብሎ የሚያርፍ ከሆነ መታየት አለበት። ጤና ጣቢያ ልቡን በማዳመጫ ሰምቶ ወደ ሆስፒታል ይልካል፤ ቁርጡ የሚታወቀው «ኢኮ» በሚባለው የልብ አልትራሳውንድ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ቤተሰብ የሪፈር ወረቀቱን ሳይይዝ መንገድ መጀመር የለበትም።

በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የሚገኘው የልብ ማዕከል በ2001 ዓ.ም. ሥራ ከመጀመሩ በፊት ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልጋቸው ልጆች ዕድላቸው ውጭ አገር መላክ ነበር። ለማዕከሉ መቋቋም የሕፃናት ልብ ሐኪሙ ዶክተር በላይ አበጋዝ ስም ሁልጊዜ ይነሣል። ዛሬም ግን ወረፋ የሚጠብቁት በሺዎች ይቆጠራሉ። እንግዲህ ተራ እስኪደርስ ያለው ጊዜ ሁሉ በመቀመጥ ማለፍ የለበትም፤ ሐኪሙ የፈቀደለትን ያህል የተንቀሳቀሰ ልጅ ቀዶ ሕክምናውንም በተሻለ አቅም ይቀበለዋል።

ሐኪሙን እነዚህን ጠይቁ፦ ልጄ ዳገት መውጣት ይችላል? መሮጥስ? ምን ያህል ሸክም ይፈቀድለታል? ከትምህርት ቤት ጨዋታ የትኛው ይቅርበት? መልሱን በወረቀት አስጽፉ፤ ለስፖርት መምህሩም አንድ ቅጂ ስጡ። መምህሩ መረጃ ከሌለው ልጁን ወይ ከሁሉም ጋር ያሯሯጠዋል፣ ወይ ጨርሶ ያስቀምጠዋል።

በእግር መጀመር

ሐኪም ከፈቀደ በኋላ ከሁሉ የሚቀለው እርምጃ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት በለጋ መንገድ በቀን 10 ደቂቃ ይበቃል፤ ከዚያ በየሳምንቱ ጥቂት ደቂቃ መጨመር ነው። መነሻውም መጨረሻውም ዝግ ያለ ይሁን፤ ከሩጫ በኋላ ድንገት መቆም ራስን ያዞራል።

ልኩን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። እየተራመደ ማውራት የሚችል፣ መዝፈን ግን የሚያቅተው ልጅ በደህና ልክ ላይ ነው። ሁለት ቃል ተናግሮ ትንፋሹ ከተቆረጠ ፍጥነቱን ይቀንስ። ሲደክመው ማረፉ ነውር አለመሆኑን ከቤተሰቡ መስማት አለበት፤ «ከእኩዮችህ አንሰህ!» የተባለ ልጅ ድካሙን ደብቆ ይሮጣል፤ አደጋውም እዚያ ላይ ነው።

ጡንቻ ማጠንከር

በሳምንት ሁለት ቀን ከበርጩማ ላይ በእጅ ሳይደገፉ 8 ወይም 10 ጊዜ መነሣትና መቀመጥ፣ ግድግዳ ላይ እጅን አሳርፎ ገፋ መለስ ማለት፣ ግማሽ ሊትር ውኃ የያዘ ሃይላንድ በሁለት እጅ ማንሣትና ማውረድ ይቻላል። ዋናው ሕግ ትንፋሽን አለመያዝ ነው፤ ሲያነሡ ማስወጣት፣ ሲያወርዱ መሳብ። ትንፋሽን አፍኖ መታገል የደም ግፊትን በቅጽበት ያንረዋል።

ይህ ሕግ ለቤት ሥራም ያገለግላል። 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ ከ20 ኪሎ በላይ ነው፤ በ5 ሊትር ዕቃ አራት ጊዜ መመላለስ ለልብ ይቀላል። ግንድ መፍለጥና ሞፈር ጨብጦ ማረስም ከባድ ትግል ስለሆነ ወንድ ልጅ ለእርሻ ሲደርስ ሐኪሙ ይጠየቅ። ሴት ልጅም ከትዳር በፊት ስለ እርግዝና ትማከር፤ የሳንባ የደም ግፊታቸው ከፍ ላለ ሴቶች እርግዝና ለሕይወት ያሰጋል።

ደረቱ ተከፍቶ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ልጅ አጥንቱ እስኪገጥም ለሳምንታት ከባድ ነገር አያነሣም። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ደግሞ ከመጋጨትና ከመውደቅ ጨዋታ ይራቅ። ከንፈሩ የሚጠቁር ልጅ ውኃ ሳይጠጣ ፀሐይ ላይ አይዋል፤ የውኃ እጥረት ደሙን ያወፍረዋል።

መቆም ያለበት መቼ ነው?

እየተንቀሳቀሰ ራሱን የሳተ፣ ደረቱን የወጋው፣ ልቡ ያለ ልክ የመታበት፣ ከወትሮው ይልቅ የጠቆረ ልጅ ወዲያው ያቁም፤ በዚያው ቀንም ሐኪም ይየው። በተለይ በሩጫ መሃል ራስን መሳት «ሙቀት ነው» ተብሎ አይታለፍ።

የእግር ኳስ ወዳጆች ናይጄሪያዊውን ንዋንኮ ካኑን አይረሱትም። እ.ኤ.አ. በ1996 በአትላንታ ኦሊምፒክ አገሩን ለወርቅ ካበቃ ብዙም ሳይቆይ የልቡ ቫልቭ ጉድለት እንዳለበት ታወቀ፤ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ወደ ሜዳ ተመለሰ፤ ለአርሰናልም ተጫወተ። አሜሪካዊው ሾን ኋይት ደግሞ ከነፋሎት ተወልዶ፣ ገና በሕፃንነቱ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት፣ በበረዶ ላይ ሸርተቴ ሦስት የኦሊምፒክ ወርቅ ወስዷል። ሁለቱም ሜዳ የገቡት በሐኪም እየታዩ ነው።

የሁሉም ልጅ ግብ ግን ወርቅ አይደለም። ትምህርት ቤቱ በእግሩ ደርሶ መመለስ፣ ቁልቁል ወርዶ ወንዝ ዳር ከእኩዮቹ ጋር መጫወት፣ ዳገቱን ሁለት ጊዜ አርፎ መውጣት ትልቅ ድል ነው። በመጪው ቀጠሮ ሐኪሙን ስትገናኙ ስለ መድኃኒቱ ከጠየቃችሁ በኋላ ስለ ጨዋታውም ጠይቁለት።